ኮምቦልቻ የሚነሳ፣ ደሴ የሚያስቸግር፦ የታደሰ ያማሃ ዲቲ 175 የጠዋት አነሳስ ችግር

ሞተሩ፣ ባለቤቱና እድሳቱ

ጉዳዩ በ1976 እ.ኤ.አ. የተሠራ ያማሃ ዲቲ 175 ሞተር ሳይክል ነው። ባለ ሁለት ምት፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር አለው። የሲሊንደሩ ስፋት 66 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 50 ሚሊ ሜትር፣ ይዘቱ 171 ሲሲ ነው። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡሬተር ሚኩኒ ቪኤም 24 ነው። እሳቱን የሚቆጣጠረው በቮላኖው (ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ሥር የተቀመጠ ኮንታክት ፖይንት (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያሰጥ ማብሪያ) ነው፤ ኤሌክትሪኩ 6 ቮልት ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ውስጥ አይደባለቅም፤ በራሱ ፓምፕ ወደ አየር መግቢያው ይላካል።

ባለቤቱ ደሴ የሚኖር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ሞተሩን ከአባቱ ወርሶ፣ ለዓመታት ከቆመበት አንስቶ ኮምቦልቻ አሳደሰው። ሥራው ወደ ኩታበርና ወደ ተሁለደሬ ገጠር ቀበሌዎች ያስኬደዋል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ካልወጣ አርሶ አደሩ ከብቱን ለግጦሽ ያሰማራል፣ ቀኑም ይባክናል። ስለዚህ ለዚህ ሰው የጠዋት አነሳስ የምቾት ጉዳይ አልነበረም።

እድሳቱ በአብዛኛው በደንብ ተሠርቷል። ሲሊንደሩ 0.50 ሚሊ ሜትር ሰፍቶ አዲስ ፒስተንና አዲስ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ገባለት። የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታዎችና የግራና የቀኝ ኦይል ሲሎች (በሻፍቱ ዙሪያ አየርና ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጉ የጎማ ቀለበቶች) ተቀየሩ። ጓርኒሲዮኖቹ ሁሉ አዲስ ናቸው። የሰልባትዮው ዝገት ታጥቦ ውስጡ መከላከያ ተቀባ። ካርቡሬተሩ ተፈትቶ ታጠበ። ይህን መዘርዘር ያስፈለገው ኋላ የተገኙት ሁለቱ ዋና ጥፋቶች ከዚሁ እድሳት ስለመጡ ነው፤ አንዱ ከኦይል ሲሉ አገባብ፣ ሌላው ከሰልባትዮው ቅብ።

ችግሩ

ባለቤቱ ሞተሩን የተረከበው በጥቅምት መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ በሁለተኛው ርግጫ ተነሳ። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣም ያለ ችግር ጎተተ። በማግስቱ ጠዋት ደሴ ላይ ግን ከ25 ርግጫ በላይ ጠየቀ። እንዲሁ ለሦስት ሳምንት ቀጠለ።

«ጠዋት አልነሳም ይላል» ከሚለው አቤቱታ ብቻ ተነስቶ ችግሩን ማግኘት አይቻልም፤ ሞተሩ የሚያደርገው ነገር በዝርዝር መጻፍ ነበረበት። የተጻፈው ይህ ነው። ቾክ (ለብርድ አነሳስ ተጨማሪ ቤንዚን የሚሰጠው) ተከፍቶ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ርግጫ ይያዛል፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጮሆ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ሃያ ጊዜ ቢረገጥ ድምፅ የለም። አልፎ አልፎ ማስነሻ ፔዳሉ ወደ ኋላ ይመልሳል፣ እግርም ይመታል። ሲነሳ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ዝቅ እያለ ይዋዥቃል፤ ጋዝ ሲሰጠው ያስለዋል። ከአራት ደቂቃ በኋላ ይስተካከላል። አንዴ ከሞቀ ቀኑን ሙሉ በአንድ ወይም በሁለት ርግጫ ይነሳል። ከብዙ ርግጫ በኋላ ካንዴላው (ድብልቁን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ሲፈታ ጫፉ ደረቅ ነው።

የመጨረሻዋ መስመር ከሁሉም ትበልጣለች። ቾክ ተከፍቶ ሃያ ጊዜ የተረገጠ ባለ ሁለት ምት ሞተር ካንዴላው በቤንዚን መራስ አለበት። ደረቅ ከሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ የገባው ቤንዚን አንሷል ማለት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ያየ ሰው ቢኖር ሦስት ሳምንት አይጠፋም ነበር።

አስቀድሞ የተሞከረው

ደሴ ውስጥ ሁለት ጋራዦች አይተውት ነበር። የመጀመሪያው «ደሴ ከፍታ ስለሆነ ቤንዚን በዝቶበታል» ብሎ ዋናውን ጄት (ቤንዚን በልክ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ነሐስ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቤንዚኑም ያንሳል) ከ120 ወደ 110፣ የሚኒሞውን ጄት ከ30 ወደ 25 አወረደ። አነሳሱ ባሰ፤ አንድ ቀን 40 ርግጫ ተቆጠረ። ሁለተኛው ጋራዥ እሳቱን ጠርጥሮ ፖይንቱንና ኮንደንሰሩን ቀየረ፤ የካንዴላውንም ቁጥር ከ8 ወደ 7 ለወጠ። በዚህ የካንዴላ አምራች አቆጣጠር ዝቅ ያለው ቁጥር የበለጠ የሚሞቅ ካንዴላ ነው። እግር መምታቱ የበረታው ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ጋራዥ አየር ያለ ቦታው እየገባ እንደሆነም ጠርጥሮ ነበር፤ ጥርጣሬው ትክክል ነበር። ሞተሩ እየሠራ የካርቡሬተሩን ጎማና የሲሊንደሩን ግርጌ በቅባት ስፕሬይ ረጨ፤ የሞተሩ ድምፅ ስላልተለወጠ «አየር አይስብም» ተባለና ተተወ። ስፕሬይ ግን በግራው ክዳንና በቮላኖው ተሸፍኖ ያለውን ኦይል ሲል አይደርስበትም። ሞተሩ በደንብ የሚሞቀውም እንዲህ ሲፈተሽ ነው፤ ችግሩ ደግሞ የብርድ ነበር።

ከፍታው ምን ያህል ይለውጣል?

ወሎ ውስጥ ሞተር ሳይክል ሲበላሽ ከፍታን መውቀስ የተለመደ ነው፤ እውነትም አለው። ስለዚህ በቁጥር መታየት አለበት። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። የአየሩ ግፊት ኮምቦልቻ ላይ ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ገደማ፣ ደሴ ላይ 74 በመቶ ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስምንት በመቶ አይሞላም።

ካርቡሬተር ላይ የቤንዚንና የአየር ምጣኔ የሚለወጠው በአየሩ እፍግታ ልክ ሳይሆን በእፍግታው ካሬ ሥር ልክ ነው። እናም ኮምቦልቻ ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደሴ ሲወጣ ቤንዚን የሚበዛበት በ4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሌላ በኩል የ6 ዲግሪ ጠዋት አየር ከ20 ዲግሪ አየር በ5 በመቶ ያህል የታፈገ ነው፤ ይህ ምጣኔውን በ2.5 በመቶ ገደማ ወደ ቤንዚን ማነስ ይመልሰዋል። ሁለቱ ሲጣጣሉ የቀረው ልዩነት 1.5 በመቶ ነው። ይህ ሞተሩን 30 ጊዜ አያስረግጥም። ከዚያም በላይ አቅጣጫው የተገላቢጦሽ ነው፦ ከፍታ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ደግሞ ቤንዚን አንሷል ይል ነበር።

ብርዱ ግን ሌላ ሥራ አለው። ቤንዚን በቅዝቃዜ የሚተነው ከፊሉ ብቻ ነው፤ የሚቃጠለውም የተነነው ነው። ቾክ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ያለ ቾክም የሚነሳ ሞተር ደሴ ላይ በኅዳር ጠዋት ቾኩ ሙሉ በሙሉ እንዲሠራ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ ቾኩ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ምንም አጋጣሚ አልነበረም።

ከሥር መጀመር

በሦስተኛው ጋራዥ ሥራው እንደገና ከሥር ተጀመረ። አንድ ደንብ ወጣ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ሞተሩ በረንዳ ላይ ያድራል፤ ቢያንስ ሁለት ጠዋት የርግጫው ብዛትና የአየሩ ሙቀት ይጻፋል። ለባለቤቱ ከባድ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ ሞተር ሠርቷል። ከዚያ ውጭ ግን የትኛው ለውጥ ምን እንዳደረገ ማወቅ አይቻልም።

መጀመሪያ የሲሊንደሩ ግፊት ተለካ። ጋዝ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ አምስት ጊዜ ሲረገጥ ጌጁ 105 ፒኤስአይ አነበበ። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ግን ደሴ ላይ የተነበበ 105 ባሕር ጠረፍ ላይ ቢለካ ወደ 140 ይደርሳል። ፒስተኑና ፋሻው ደህና ናቸው ማለት ነው። በመጽሐፍ የተጻፈን ቁጥር ሳያስተካክሉ ደሴ ላይ መጠበቅ ደህና ሲሊንደርን እንደገና ያስከፍታል።

ቀጥሎ ቤንዚኑ ታየ። ባለቤቱ ማደያ ላይ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ይገዛ ነበር። ጥቂት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ተደርጎ ሲደርቅ የቅባት ምልክት አልቀረም፤ ከላምባ ጋር አልተደባለቀም ማለት ነው። ቢሆንም ሰልባትዮው ተራግፎ ትኩስ ቤንዚን ተሞላ። በፀሐይ የዋለና የቆየ ቤንዚን ቀድሞ የሚያጣው በብርድ የሚተነውን ቀላሉን ክፍል ስለሆነ ለጠዋት አነሳስ አይታመንም።

እሳቱ ላይ አንድ ስሕተት ተገኘ። አዲሱ ፖይንት 0.5 ሚሊ ሜትር ተከፍቶ ነበር የተገጠመው፤ ልኩ ከ0.3 እስከ 0.4 ነው። ፖይንት ሲሰፋ ቀድሞ ይከፈታል፣ እሳቱም ይቀድማል። ዳያል ጌጅ ስላልነበረ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ወርዶ በቨርኒየር ተለካ፤ እሳቱ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 2.6 ሚሊ ሜትር በፊት ይሰጥ ነበር፤ ልኩ 1.8 ነው። እግር የመምታቱ ምክንያት ይኸው ነው። ፖይንቱ የሚከፈትበትን ቅጽበት ለማወቅ ማልቲሜትር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የቮላኖው ኮይል ከፖይንቱ ጋር ጎን ለጎን ስለተያያዘ ፖይንቱ ተከፍቶም ሜትሩ ይጮሃል። ቀጭን ወረቀት በፖይንቱ መካከል አስገብቶ እየሳቡ ቮላኖውን በእጅ ቀስ ብሎ ማዞር ይሻላል፤ ወረቀቱ የላላበት ቦታ ፖይንቱ የተከፈተበት ነው። በ0.35 ሲታሰር እሳቱ 1.85 ላይ ዋለ።

እግር መምታቱ በዚያው ቀን ቆመ። የጠዋቱ ርግጫ ግን 25 እና 22 ነበር። እሳቱ ጥፋት ነበረው፤ የአነሳሱ ጥፋት ግን እሱ አልነበረም።

መዳፍ የሰጠው ፍንጭ

መንገዱን የከፈተው የጋራዡ ልጅ ነው። ከመካኒኩ ቀድሞ ጠዋት ገብቶ ሲሞክር፣ የአየር ፊልትሮው ተፈትቶ ስለነበር፣ የካርቡሬተሩን አፍ በመዳፉ ከፊል ዘግቶ ረገጠው። «ጋሼ፣ ቾኩን ሳልነካ እጄን አፉ ላይ ሳደርግበት በሦስተኛው ተነሳ» አለ።

ይህ ብዙ ነገር ይናገራል። መዳፍ አየሩን ሲቀንስ ስበቱ በርትቶ ቤንዚን በሁሉም ጄቶች ይወጣል። በዚህ ከተነሳ እሳቱም ግፊቱም በቂ ናቸው፤ የጎደለው ቤንዚን ነው፤ ቾኩም ሥራውን አልሠራም። ነገር ግን ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሚኒሞው መዋዠቁን አልተወም። ቾክ ብቻ የተበላሸ ሞተር በሞቀ ቁጥር በፍጥነት ይረጋጋል፤ ይህ ግን አራት ደቂቃ ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት ጥፋት ተጠረጠረ፦ አንዱ ቤንዚን የሚያስቀር፣ ሌላው አየር የሚጨምር።

የክራንክ ቤቱ የአየር ፈተና

ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ክራንክ ሻፍቱ ያለበት ቤት ራሱ ፓምፕ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ድብልቁን ይስባል፣ ሲወርድ ወደ ላይ ይገፋል። ይህ ቤት አየር ካስገባ ካርቡሬተሩ የቱንም ያህል ቢስተካከል ድብልቁ ላይ ያልተለካ አየር ይጨመራል። በግራ በኩል ያለው ኦይል ሲል ወደ ቮላኖው፣ ማለትም ወደ ደረቅ አየር ያያል፤ ካፈሰሰ አየር ይስባል። በቀኝ በኩል ያለው ወደ ካምቢዮው (ማርሽ ቤቱ) ዘይት ያያል፤ ካፈሰሰ ዘይት ይስባል፣ ማርሚታው (የጭስ ቱቦው) ነጭ ጭስ ያወጣል፣ የካምቢዮው ዘይትም ይጎድላል። እዚህ ጭስ አልነበረም፣ ዘይቱም ልኩ ላይ ነበር። ጥርጣሬው ወደ ግራው ሄደ።

ለፈተናው የተዘጋጀው እቃ ውድ አይደለም። የተቃጠለ ካንዴላ ሴራሚኩ ተሰብሮ ወጣና የብስክሌት ቫልቭ በመዳብ ተበየደበት። ከጤና ጣቢያ የተጣለ የደም ግፊት መለኪያ ጌጁና የእጅ መንፊያው ደህና ስለነበሩ በቀጭን ጎማ ከቫልቩ ጋር ተያያዙ። ይህ መለኪያ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያነባል፤ ያም 0.4 ባር ያህል ነው፣ ለዚህ ፈተና የሚፈለገው ግፊትም ይኸው ነው። ከዚህ በላይ መንፋት ኦይል ሲሉን ከቦታው ሊገፋው ስለሚችል በጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር አይሞከርም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማርሚታው ይወርዳል፤ የጭስ መውጫው በአሮጌ ከመነዳሪ ጎማና በብረት ቁራጭ በራሱ ብሎኖች ታስሮ ይዘጋል። ካርቡሬተሩ ይወርዳል፤ የመግቢያው ጎማ በልኩ በተቆረጠ የጎማ ቡሽ ተደፍኖ በፋሸታ ይጠበቃል። የዘይት ፓምፑ ቱቦ ጫፍም ይደፈናል፤ ይህ ከተረሳ በዚያ በኩል አየር ወጥቶ ደህናውን ሞተር ጥፋተኛ ያደርጋል። ፒስተኑ ወደ ታችኛው ጫፍ ይወርዳል፤ ያኔ የሲሊንደሩ የጎን መተላለፊያዎች ተከፍተው ላይና ታቹ አንድ ክፍል ይሆናሉ። በካንዴላው ቦታ የተዘጋጀው ቫልቭ ይታሰርና እስከ 300 ይነፋል።

ደህና ሞተር ይህን ግፊት ለደቂቃዎች ይይዛል። በደቂቃ ከ50 በላይ ከወረደ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህ ሞተር በ40 ሰከንድ ውስጥ ከ300 ወደ 80 ወረደ። የሳሙና ውሃ በብሩሽ የቴስታታው መጋጠሚያ፣ የሲሊንደሩ ግርጌና የመግቢያው ጎማ ላይ ተቀባ፤ አረፋ የለም። ቮላኖው በመንቀያው ሲወጣና የግራው ኦይል ሲል ሲቀባ አረፋው ወዲያውኑ ተግተልትሎ ወጣ።

ኦይል ሲሉ አዲስ ነበር። ሲወጣ የውስጥ ከንፈሩ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቅድ ተገኘ፤ በቮላኖው ቁልፍ ማረፊያ ጠርዝ የተቆረጠ ነው። ሲገጠም ሻፍቱ ሳይሸፈን ስለተገፋ የቁልፉ ጉድጓድ ስለት ሆኖ ቀደደው። ሞተሩ ሲሞቅ ጎማው ለስልሶ ቅዱ በከፊል ይገጥማል፤ ሲበርድ ይደርቅና ይከፈታል። ሲሞቅ የሚሻለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አዲሱ ሲል ሲገባ ከውሃ ፕላስቲክ የተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ በሻፍቱ ጥርስና በቁልፉ ጉድጓድ ላይ ተጠቀለለ፤ ከንፈሩ ግሪስ ተቀባ፤ የሲሉን ውጫዊ ስፋት በሚያክል ቡሽ ቁልፍ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ገባ። ፕላስቲኩ ከዚያ ተጎትቶ ወጣ። ፈተናው ሲደገም በሦስት ደቂቃ ከ300 ወደ 290 ብቻ ወረደ።

ማርሚታው በወረደበት አጋጣሚ በጭስ መውጫው በኩል ፒስተኑ ታየ። በዚያ ጎኑ ቀጫጭን ቁልቁል ጭረቶች ጀምረው ነበር። ይህ ከጠዋቱ አነሳስ ይልቅ ያስደነግጣል። አየር የሚስብ ኦይል ሲል፣ ያነሰ ዋና ጄት፣ የሚሞቅ ካንዴላ፤ ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚገፉ ናቸው። በዚህ ሁኔታ ሐረጎን ጭነት ይዞ ቢወጣ አዲሱ ፒስተን ሊነክስ (ከሲሊንደሩ ጋር ሊጣበቅ)፣ የኋላ ጎማውም በድንገት ሊቆለፍ ይችል ነበር። «ጠዋት ብቻ ነው የሚያስቸግረው» ተብሎ የሚታለፍ ምልክት ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ከሲሉ በኋላ የጠዋቱ ርግጫ 9፣ 8 እና 11 ሆነ። ሚኒሞው መዋዠቁን አቆመ። የመጀመሪያው ርግጫ ይዞ መጥፋቱ ግን እንዳለ ነበር።

የቾኩ መንገድ

የሚኩኒ ቪኤም ቾክ አየር የሚዘጋ ቅጠል አይደለም። በካርቡሬተሩ ጎን ያለች ትንሽ ሁለተኛ ካርቡሬተር ናት ማለት ይቻላል። ከካርቡሬተሩ ግርጌ ባለው የቤንዚን ማጠራቀሚያ ሳህን ውስጥ ጠባብ ጉድጓድ አለ፤ ከሳህኑ ቤንዚን ወደዚህ ጉድጓድ የሚገባው በቀጭን የቾክ ጄት በኩል ነው። ከካርቡሬተሩ አካል የወረደች የነሐስ ቱቦ ከጉድጓዱ ትጠጣለች። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ይሞላል። በመጀመሪያው ርግጫ ያ የተጠራቀመ ቤንዚን ባንዴ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጄቱ የሚያሳልፈው ብቻ ነው።

አሁን የሞተሩ ጠባይ ራሱን ይገልጻል። ሌሊቱን ጉድጓዱ ሞልቶ ያድራል፤ በመጀመሪያው ርግጫ ይያዛል፤ ጉድጓዱ ሲነጥፍ ይጠፋል፤ ጄቱ ከተደፈነ ቤንዚኑ በዝግታ ብቻ ስለሚሰርግ በርግጫዎቹ መካከል መልሶ አይሞላም። «በመጀመሪያው ይዞ ይጠፋል፣ ከዚያ እምቢ» የሚል አቤቱታ በዚህ ካርቡሬተር ላይ ሲሰማ መጀመሪያ ሳህኑ መውረድ አለበት።

ሳህኑ ሲወርድ ከታች ቀይ የዝገት ደቃቅና ከሰልባትዮው ቅብ የተላጠ ስስ ቅርፊት ተኝቶ ነበር። የቾክ ጄቱ ሲታይ ብርሃን አያሳልፍም። ካርቡሬተሩ ሲታደስ ታጥቧል፤ ጄቶቹ ግን የተነፉት ከአካሉ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው፤ ይህኛው ሳህኑ ውስጥ ስላለ ይረሳል። የተከፈተው ከኤሌክትሪክ ገመድ በወጣ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ነው። የፍሬን ሽቦ ወይም መርፌ መጠቀም አይገባም፤ ነሐሱን ያሰፋዋል፣ ከዚያ ሞተሩ በቾክ ጊዜ ቤንዚን ይበዛበታል። ጄቱና የነሐስ ቱቦዋ በቤንዚን ታጥበው በአየር ተነፉ። የቾኩ ፒስተን ጎማ ታየ፤ ደህና ነው።

ወደ ሳህኑ የሚገባውን ቤንዚን የሚቆጣጠረው የተንሳፋፊው ከፍታ ሲለካ የቤንዚኑ መጠን ሳህኑ ውስጥ ከልኩ በ3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ ነበር፤ የተንሳፋፊው ምላስ በጥቂቱ ተጠምዝዛ ተስተካከለች። ቤንዚኑ ዝቅ ሲል የቾኩ ጉድጓድም በግማሽ ይሞላል። ከሰልባትዮው በታች ፊልትሮ ተጨመረ፤ ቅብ መላጡ ስለማይቆም በየወሩ ሳህኑን ማውረድ ግድ ነው። ሰልባትዮው እንደገና ቢታጠብ ይሻላል፤ ባለቤቱ ለክረምት አቆይቶታል።

በማግስቱ 3፣ በሦስተኛው ቀን 2 ርግጫ።

ጄቶቹን መመለስ

ዋናው ጄት ወደ 120፣ የሚኒሞው ወደ 30፣ ካንዴላውም ወደ ቀድሞ ቁጥሩ ተመለሱ፤ ክፍተቱ 0.6 ሚሊ ሜትር ተደረገ። ከዚያ በኋላ ነው ለከፍታው ማስተካከያ የተሠራው፤ ጤነኛ ሞተር ላይ። የሚኒሞው አየር ብሎን ከሙሉ ዝግ አንድ ተኩል ዙር ተከፍቶ ተጀመረና ሞተሩ በደንብ ሞቆ ሳለ አንድ ዙር ከሦስት ሩብ ላይ ረጋ ብሎ ሠራ። በዚህ ካርቡሬተር ይህ ብሎን የአየር ስለሆነ ሲከፈት ቤንዚን ያንሳል፣ ሲዘጋ ይበዛል። ዋናው ጄት 115 ሆኖ ቀረ። ከደሴ በላይ ወደሚገኙት ቀዝቃዛ ቀበሌዎች ሲወጣ ጥቂት ይከብደዋል፤ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ግን ቤንዚን አያንሰውም። አንዱን መምረጥ ካለበት ፒስተኑን የሚያድነው ይሻላል።

የአነሳሱ ሥርዓት

ባለቤቱ ቾክ ከፍቶ ጋዝም ይሰጥ ነበር። ይህ ለዚህ ካርቡሬተር አይስማማም። ጋዝ ሲከፈት በቾኩ ቀዳዳ ላይ ያለው ስበት ይወድቃል፣ ቾኩም ቤንዚን መስጠቱን ያቆማል። ትክክለኛው አነሳስ እንዲህ ነው፦ የቤንዚን ቧንቧ ተከፍቶ ግማሽ ደቂቃ ይጠበቃል፤ ቾክ ሙሉ ይከፈታል፤ ጋዝ ሙሉ ይዘጋል፤ ቁልፉ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ ይረገጣል፤ ከዚያ ቁልፉ በርቶ አንድ ጠንካራ ርግጫ እስከ ታች። ከተነሳ በኋላ ቾኩ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ሳይነካ ይቆያል፤ ሞተሩ መክበድ ሲጀምር ይዘጋል። ይህን ባለቤቱ ሲለማመድ ርግጫው በ5 እና በ7 ዲግሪ መካከል ባሉ አምስት ጠዋቶች 2፣ 1፣ 2፣ 1፣ 1 ሆነ።

ሌላ ሞተር ላይ የሚያገለግል

የታደሰ ሞተር ሞቆ ሳለ መረከብ ምንም አያረጋግጥም። ሠሪውም ተረካቢውም ሞተሩ ጋራዥ አድሮ ጠዋት ሲነሳ ማየት አለባቸው። ቆላ የታደሰ ሞተር ደጋ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ቾኩ ለብቻው ሊፈተሽ ይገባል።

ክራንክ ቤቱ የተከፈተ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሁሉ ከመገጠሙ በፊት የአየር ፈተና ይለፍ። ሃያ ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። አዲስ እቃ ገብቷል ማለት እቃው ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እዚህ የተቀደደው አዲሱ ነው።

ጄት የሚቀየረው በመጨረሻ ነው። አየር የሚስብ ወይም እሳቱ የቀደመ ሞተር ላይ ጄት መቀየር ጥፋቱን ይሸፍነዋል ወይም ያብሰዋል። ለከፍታ ተብሎ ጄት ከመቀነሱ በፊት ካንዴላው ይታይ፤ ጥቁርና እርጥብ ካልሆነ ቤንዚን አልበዛም።

የመዳፍ ፈተና ማንም ሊያደርገው ይችላል፤ ግን ፊቱን ከካርቡሬተሩ አፍ አርቆ፣ ከዳር ቆሞ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢተፋ ነበልባል ይወጣል።

የቀረ ሥራ

የቀኙ ኦይል ሲል አልተነካም። እሱን ለመድረስ የቀኝ ክዳኑና ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) መውረድ አለባቸው፤ የአየር ፈተናው ስላለፈ ለጊዜው ተትቷል። የገጠመው ግን ግራውን የቀደደው እጅ ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ በየሁለት ሳምንቱ የካምቢዮውን ዘይት ይለካል። ከልኩ በታች ከወረደ ወይም ጠዋት ማርሚታው ከአንድ ደቂቃ በላይ ነጭ ጭስ ካወጣ፣ ክዳኑ ይከፈታል።